የእናቴ ሻይና ከቆሻሻ የወጣው ክኒን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። አጎቴ ከውጭ የላከላትን የሻይ ማጣፈጫ ክኒን ስትጠቀም ቆየች። ሰሞኑን ጎረቤታችን «ካንሰር ያመጣል ተብሏል» ብላ ስላስደነገጠቻት እሽጉን ጥላ ወደ ስኳሯ ተመለሰች፤ በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ፣ በየብርጭቆው ሁለት ማንኪያ። እኔ ግን ክኒኑን ከቆሻሻ መጣያው አውጥቼ ደብቄዋለሁ። እያንዳንዱ ፍሬ «አስፓርቴም 20 ሚሊ ግራም» እንዳለው ተጽፎበታል። ልመልስላት?
ልጅዎ፣ ከአዳማ

መልስ፦ መልሺላት ልጄ። ስኳሩን ደግሞ ዛሬውኑ ከፊቷ አንሺው። በቀን አሥር ማንኪያ! እኔ ያደግሁት ወንጂ፣ የሸንኮራ አገዳ ማሳ ሥር ነው፤ ስኳር መውደድን ማንም አያስተምረኝም። ለእናትሽ ግን ዛሬ የሚያሰጋት እሱ ነው።

ጎረቤታችሁ ከሜዳ ተነሥታ አላወራችም። በሐምሌ 2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አስፓርቴምን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው 2ቢ ምድብ አስገብቶታል። ምድቡ የሚለካው ማስረጃው ምን ያህል እንደጠነከረ ነው፤ ስንት ብንወስድ እንደምንጎዳ አይነግረንም። ቡናችንም እኮ ከፊኛ ካንሰር ጋር ተያይዞ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2016 እዚያው ምድብ ውስጥ ነበር። ጀበናውን የሰበረ ሰው አላየሁም።

መጠኑን የሚወስነው ሌላ የባለሙያዎች ኮሚቴ ነው። እሱም በዚያው ሰሞን የቀድሞውን ጣሪያ አጸና፦ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 40 ሚሊ ግራም። እናትሽ 60 ኪሎ ብትመዝን 2,400 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ በእሽጉ ስሌት 120 ክኒን። በየብርጭቆው ሁለት ብትጨምር እንኳ ከአሥር አታልፍም። ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለበት ሰው ብቻ ጨርሶ አይነካውም።

ይህን ሁሉ ያሰላሁት ግን አንቺ ከእሽጉ ላይ አንብበሽ ስለነገርሽኝ ነው። ባለፈው ዓመት እዚሁ አዳማ ገበያ ውስጥ በላስቲክ የተቋጠረ ነጭ ዱቄት «የሻይ ማጣፈጫ» ተብሎ ተሸጠልኝ። ስም የለው፣ መጠን የለው፣ ቀን የለው። ቀመስሁት፤ መጀመሪያ ጣፈጠኝ፣ ኋላ ላይ ብረት የላስሁ ያህል መረረኝ። ሳካሪን የሚባለው ሌላው ማጣፈጫ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ጠረጠርሁ፤ ሠላሳ ዓመት መድኃኒት ቤት የቆምሁት እኔ መጠርጠር ነው የቻልሁት። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብን ይቆጣጠራል፤ አድራሻ የሌለውን ቋጠሮ ግን ከየት ጀምሮ ይከታተለው? እንዲህ ያለውን ለእናትሽ እንዳትገዢ።

ክኒኑን ማንቆርቆሪያው ውስጥ አታፍዪው። አስፓርቴም በሙቀት ብዛት ይፈርስና ጣዕሙን ያጣል። ባለቤቴ ከሻይ ቅጠሉ ጋር አንተክትካው «ይኸ ነገር ጊዜው አልፎበታል» ብላ ስትጨቃጨቀኝ ሰንብታለች። ብርጭቆው ላይ ከቀዳሽ በኋላ ጨምሪው።

አንቺም ለመክሳት ብለሽ እንዳትጀምሪው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2015 ክብደት ለመቆጣጠር ሲባል እንዲወሰድ አልመክርም ብሏል። ምክሩ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም።

ደግሞ እናትሽ ሻዩን እንዴት ነው የምትጠጣው? የኔዋ እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከእሳት እንደወረደ ነበር ፉት የምትለው። ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥ በዚያው ተቋም መዝገብ 2ኤ ላይ ነው፤ ከክኒኑ አንድ እርከን ከፍ ብሎ። ክኒኑን አማስለሽ፣ ትንሽ አብርደሽ ስጪያት።