ሊኩዊድም ፍሉይድም «ፈሳሽ» ነው? ለእህታችን ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ

ሰላም እህቴ። እናትሽ ለኮሎኖስኮፒ (ለትልቁ አንጀት ምርመራ) በተሰጣቸው ወረቀት ላይ አንድ ቦታ «ክሊር ሊኩዊድ ዳየት»፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ «ብዙ ፍሉይድ ይጠጡ» የሚል አይተሽ፣ «ሁለቱም ፈሳሽ አይደሉም ወይ? ልዩነታቸው ምንድነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ብዙዎቹ «አንድ ነው፣ ፈሳሽ በያቸውና እለፊ» ብለውሻል። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በሕክምና አስተርጓሚነት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ይህችው «ፈሳሽ በያቸው» አንድ ጊዜ ስላሳፈረችኝ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ለዚሁ ምርመራ ሊዘጋጁ፣ ነርሷ በስልክ ታስረዳቸዋለች። እኔ «ክሊር ሊኩዊድ» ያለችውን «ንጹሕ ፈሳሽ» ብዬ አለፍኩት። በቀጠሮው ቀን ነርሷ «ትናንት ምን ወሰዱ?» ስትላቸው፣ «እንዳላችሁኝ ነዋ ልጄ፤ ንጹሕ ወተት፣ ማታ ደግሞ ዱቄቱን ራሴ ነፍቼ ያፈላሁት አጥሚት» አሉ። እውነታቸውን ነው። ወተቱም ንጹሕ ነው፣ አጥሚቱም ይጠጣል። ምርመራው ለሌላ ቀን ተላለፈ፤ ያን የሚያስቀምጥ መድኃኒትም እንደገና ሊጠጡት ሆነ። እሳቸው «ምንም አይደል፣ አንቺ ምን ታደርጊ» ቢሉኝም ሊፍቱ ጋ ስንለያይ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ነበር።

እዚህ ላይ «ክሊር» ንጹሕ ማለት አይደለም፤ ማዶውን የሚያሳይ ማለት ነው። አሁን እንዲህ ነው የምለው፦ «ጥርት ያለ፣ ወተትም ፍሬም የሌለበት፣ ብርጭቆ ውስጥ ተቀድቶ ከኋላው ያለ ጽሑፍ የሚነበብበት»። ውሃ፣ የአፕል ጁስ፣ ቅባቱ የተገፈፈ ጥርት ያለ መረቅ፣ ጄሎ (ያ የሚንቀጠቀጠው የረጋ ጣፋጭ)፣ ሻይ ይሆናል። ቡና የጽሑፉን ፈተና ባያልፍም ወተት እስካልገባበት ድረስ አብዛኛው ወረቀት ይፈቅደዋል፤ ይህን ለእናቶቻችን ስነግር የሚመርቁኝን ምርቃት ብታይ! ቀይና ሐምራዊ ቀለም ያለው ጄሎ ወይም ጁስ ግን ይቅርባቸው፤ ሐኪሙ አንጀት ውስጥ ሲያየው ደም ይመስላል። ተልባና አብሽ የጾም ጉልበት ቢሆኑም ለዚህ ቀን አይሆኑም። ቀጠን ተደርጎ የተጠለለ አጥሚትና ወተት ቦታ የሚያገኙት «ፉል ሊኩዊድ» የተባለው ሲታዘዝ ነው፤ እሱ ሌላ ትእዛዝ ነው።

ወደ «ፍሉይድ» ልምጣ። በፊዚክስ ፍሉይድ የሚፈስ ሁሉ ስለሆነ ጋዝንም ይጨምራል፤ ሊኩዊድ ጋዝን አይጨምርም። ይህ ፈተና ላለበት ልጅ ይጠቅማል። ሐኪም ቤት ግን ፍሉይድ የሚሉት ወደ ሰውነት የሚገባውን፣ የሚወጣውንና እውስጥ የሚጠራቀመውን ነው፤ አማርኛውም ብዙ ጊዜ «ፈሳሽ» ሳይሆን «ውሃ» ነው። ሳንባ ላይ ፍሉይድ አለ ሲሉ እኛ «ሳንባዋ ውሃ ቋጥሯል» እንላለን። ጉልበትም እንደዚያው። የነፍሰ ጡሯ ደግሞ የሽርት ውሃ ነው።

በደም ሥር የሚሰጠው ፍሉይድ ላይ ጠንቀቅ በሉ። አገር ቤት ከብረቱ ላይ የሚንጠለጠለውን ሁሉ «ግሉኮስ» ብለን ነው ያደግነው። አንድ ቀን እኔም በለመደው አፌ «ግሉኮስ ሊሰኩላቸው ነው» ብል፣ የታካሚዋ ልጅ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ «እናቴ ስኳር አለባት እያልናቸው ግሉኮስ?» ፕላስቲኩ ላይ የተጻፈው 0.9 በመቶ የጨው ውሃ ነው፣ ስኳር የሚባል የለበትም። እስኪረጋጋ ሩብ ሰዓት ፈጀብን።

ልብ ድካም ያለበት ሰው ደግሞ «ፍሉይድ በቀን ከ1.5 ሊትር አይለፍ» ሊባል ይችላል። ውሃ ብቻ ይመስላችኋል? ሾርባው፣ ሻዩ፣ ጄሎው፣ በረዶውም ይቆጠራል። አንድ አባት ውሃ እንዳይጠጡ ተብለው ቀኑን ሙሉ በረዶ ሲቆረጥሙ ይውሉ ነበር።

ወደ እንግሊዝኛ ስንመልሰውም ይገለበጣል። አንዲት ሴት ማህፀን ሐኪም ዘንድ «ፈሳሽ አለኝ» ስትል ቃሉ ሊኩዊድም ፍሉይድም አይደለም፤ ዲስቻርጅ ነው። ዲስቻርጅ ከሆስፒታል መውጣትም ስለሆነ፣ ቃሉን ብቻውን ስትወረውሩት «ገና ዛሬ ገብተሽ?» የሚል መልስ ያመጣል።

ኮመንት ላይ ስለ «ሊኩዊድ አሴት» የጠየቀው ወንድማችን፣ ቶሎ ጥሬ ገንዘብ ሊሆን የሚችል ንብረት ማለት ነው። ለቤተሰብ የስፖንሰር ፎርም ስትሞላ ገቢህ ካልበቃ ንብረት ማስቆጠር ትችላለህ፤ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ገንዘብ የሚለወጥ መሆን አለበት። የባንክ ቁጠባህ ሊኩዊድ ነው፤ ያልደረሰህ ዕቁብ አይደለም። የሚገርመው እኛ «መዋዕለ ንዋይ አፈሰሰ» የምንለው ገንዘቡ ሥራ ላይ ውሎ ከእጅ ሲወጣ ነው፤ እነሱ ደግሞ ሊኩዊድ የሚሉት ገና ያልፈሰሰውን ነው።

ኤርፖርት ላይ ትርጉሙ ይሰፋል፤ ማርም፣ ለውዝ ቅቤም፣ አዋዜም ሊኩዊድ ናቸው። በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሆነ ዕቃ ብዙ ኤርፖርቶች አያሳልፉም፤ ሻንጣ ውስጥ አስገብታችሁ አስረክቡ። መኪና ላይ ደግሞ «ብሬክ ፍሉይድ» ያው የፍሬን ዘይታችን ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ወረቀት። «ብዙ ፍሉይድ ይጠጡ» ያለው ለዚያ ቀን ከጥርት ያሉት ውስጥ ማለት ነው፤ መድኃኒቱ የሰውነታቸውን ውሃ ጠርጎ ስለሚያወጣው። የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ካለባቸው ግን ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ደውለሽ መጠኑን ጠይቂ። መድኃኒቱን «8 ፍሉይድ አውንስ» እያሉ እንዲጠጡ ካዘዛቸው፣ ይህ የክብደት አውንስ አይደለም፣ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የእኛ የሻይ ብርጭቆ ግማሹን ቢይዝ ነው። በመለኪያ ኩባያ ለክተሽ ትልቅ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሪውና የደረሰበት ላይ ፕላስተር ለጥፊላቸው፤ አንቺ ሥራ ብትሆኚም እሳቸው እስከ ፕላስተሩ እየቀዱ ይጠጣሉ።