የአያቶችን ድምፅ በወጉ ለመቅዳት

ውጭ ተወልዶ ላደገ ልጅ ከእነማን እንደመጣ አብራርተው የሚነግሩት አያቶቹ ናቸው። እነሱ ካለፉ የሚጠየቅ የለምና ዘንድሮውኑ ይቀዳ።

የቪዲዮ ጥሪን መቅዳት ግን አይበቃም። መስመሩ ሲቆራረጥ የሰውና የቦታ ስም ያመልጣል፤ ስም ደግሞ በግምት አይሞላም። አገር ቤት ያለ ዘመድ አጠገባቸው ተቀምጦ በስልኩ መቅጃ ይቅዳ፣ እናንተ በሌላ ስልክ ጠይቁ። መቅጃው ስልክ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን፤ ጥሪ ከገባ ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል። ከአፋቸው ክንድ ያህል ርቆ፣ የታጠፈ ጋቢ ላይ ይቀመጥ። ቡና ሲወቀጥ አትቅዱ። ከ40 ደቂቃም አትለፉ፤ ሲደክማቸው ታሪኩን ያሳጥሩታል።

«በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ደርግ ሲገባ አግብተው ነበር?»፣ «በ77 ድርቅ የት ነበሩ?» ብትሉ ዘመኑ ራሱ ይወጣል። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ደምሩ። የተናገሩት ቀን ከፓስፖርታቸው ቢለይ ሁለቱንም ጻፉ፤ በብዙ ሰው ወረቀት ላይ ያለው የልደት ቀን የግምት ነው።

ከሁሉ በላይ የሴቶቹ መስመር ያሳስበኛል። ስማችን የአባትንና የአያትን እንጂ የእናትን ስም አይዝም፤ ስለዚህ የእናት እናት በሁለት ትውልድ ውስጥ ትረሳለች። ውጭ አገር ደግሞ የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቀርና ልጁ ማን እንደነበሩ የማያውቃቸውን የቅድመ አያቱን ስም ዕድሜ ልኩን ይጠራበታል። «የእናትዎ እናት ማን ይባሉ ነበር? አገራቸው የት ነበር? ለማን ተዳሩ?» እያላችሁ ወደ ላይ ውጡ። የክርስትና ስምና የቤት ስምም አይቅር። አይቀዳ ያሉት ነገር ካለ መቅጃውን አጥፉ።

በቴሌግራም ማይክ የሚቀዳ ድምፅ ተጨምቆ ስለሚሄድ ጥራቱ ይቀንሳል። በመቅጃ አፕ ቀድታችሁ በፋይል መልክ ላኩ፤ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ጥራት ሲቀዳ አንድ ሰዓቱ 60 ሜጋባይት ገደማ ነው። ሦስት ቅጂ ይኑር፦ አንዱ ኢንተርኔት ላይ፣ አንዱ ቤታችሁ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ አገር ቤት። ለ2 ዓመት ያልተከፈተ የጉግል አካውንት ከነፋይሉ ሊሰረዝ ይችላልና አልፎ አልፎ ግቡበት። ቲክቶክ ላይ አትልቀቁት፤ ድምፃቸውን አስመስሎ ከዘመድ ገንዘብ መጠየቅ ዛሬ ቀላል ሆኗል።

የተቀዳውን በሳምንቱ ከእሳቸው ጋር መልሳችሁ አዳምጡና ስሞቹን ወረቀት ላይ አስፍሩ። ሲሰሙት ራሳቸው የሚያርሙት ስም አይጠፋም።