የአንደኛ ክፍል ልጄ ምን ያንብብ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። ሁለቱን ትልልቆቹን ቤት ውስጥ አስተምሬ አሳድጌአለሁ፤ ትንሹ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ነው። ስለ መጽሐፍ አመራረጥ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጠየቃችሁኝ። የቻልኩትን ያህል እነሆ።

ላይብረሪ ስገባ መጽሐፉ ብዛቱ ያዞረኛል። ጥሩውን ከተራው በምን ልለየው?

እዚያው ቆመሽ አንድ ገጽ ድምፅ አውጥተሽ አንብቢው። አንቺን አፍሽ ላይ ካልጣመሽ ልጅሽንም አይጥመውም። ቀጥሎ ደግሞ መጽሐፉ ታሪክ ሊያወራ ነው ወይስ ሊመክር የተጻፈው? ጥርስህን ቦርሽ ለማለት ብቻ ድብ የተሣለበት መጽሐፍ ተረት አይባልም። የጤና ጣቢያ ፖስተር ነው።

አንድ ላሳይሽ። አርኖልድ ሎቤል የሚባል አሜሪካዊ ስለ እንቁራሪትና ስለ ጉርጥ አራት መጻሕፍት ጽፏል። በ1972 በወጣው ውስጥ ጉርጥ ብስኩት ይጋግራል። ሁለቱም መብላቱን ማቆም ያቅታቸዋል። እንቁራሪት ብስኩቱን ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። ሳጥን ግን ይከፈታል። በገመድ ያስረዋል፤ ገመድም ይፈታል። መሰላል አምጥቶ ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጠዋል፤ መሰላል እኮ ለሁሉም መሰላል ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉንም ለወፎች ይሰጣል። ጉርጥ ታዲያ ምን አደረገ? ኬክ ሊጋግር ወደ ቤቱ ሄደ። ቃላቱን የስድስት ዓመት ልጅ ያነባቸዋል፣ ጣጣው ግን የአዋቂ ነው። ልጄ ሰምቶ ሲጨርስ ቀና ብሎ «ማሚ፣ አንቺም በጾም እንደዚህ ነሽ» አለኝ። ምን እላለሁ!

ልጄ ገና እየተንተባተበ ነው የሚያነበው። የሚችላቸው መጻሕፍት ደግሞ ፍሬ የላቸውም። ምን ላድርግ?

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፍ ሁለት ቁልል ይኑረው። አንዱ ራሱ የሚያነበው፣ ሌላው አንቺ የምታነቢለት። የመጀመሪያው ልምምድ ነው። በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ቀጭን ቢሆንም አይክፋሽ። ገጹ ላይ አምስት ቃል ካቃተው ከብዶታል ማለት ነው፤ ለጊዜው ወደ ሁለተኛው ቁልል አዛውሪው።

የስድስት ዓመት ልጅ ጆሮ ከዓይኑ በብዙ ይቀድማል። ራሱ ሊያነበው የማይችለውን ታሪክ ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ ይገባዋልም። «ሌቭሉ (የንባብ ደረጃው) አይደለም» ብለሽ የምታስቀሪበት መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ነው። ሌቭል ማንበብ ለሚማር ዓይን የወጣ ነገር ነው፣ ለሚሰማ ልጅ አይሠራም።

ደግሞ የመጀመሪያው ቁልል ሁሉ ገለባ አይደለም። በ1957 የወጣውን «ትንሹ ድብ» የሚባል መጽሐፍ ሞክሪ። ጽሑፉ የኤልስ ሚናሪክ፣ ሥዕሉ የሞሪስ ሴንዳክ ነው። አረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ግን እናትየዋ እውነተኛ እናት ናት።

ልጄ ሥራ ስትሄድ የልጅ ልጄን የምጠብቀው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛ አላውቅም። እኔ ምን ላግዝ?

እማማ፣ እርስዎ ያለዎትን እኔ ላይብረሪ ውስጥ አላገኘውም። «ተረት ተረት» ይበሉትና «የላም በረት» ይበልዎ። ስንዝሮን ይንገሩት፣ የጦጣና የጅቡን ይንገሩት። ልጅዎ በስልኳ ትቅዳዎት፤ መኪና ውስጥ ይሰማዋል።

እንግሊዛዊቷ መምህር ሻርለት ሜሰን (1842–1923) ልጅ የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ ይናገር ትል ነበር። ቤት የሚያስተምሩ አሜሪካውያን ዛሬም አጥብቀው ይከተሏታል። እኔ መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ መጣ። እኛስ ስንጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» አይደል የምንለው? እርስዎ የምርዎን ያስመልሱት። ቢሳሳት አያርሙት፣ ይጨርስ። ዳቦው ለእሱ ይሁን።

አማርኛ ማንበብስ? እንግሊዝኛውን አያምታታበትም?

የእኔን ልጆች አላምታታባቸውም። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት 231 ይሆናሉ፣ ሲያዩት ያስፈራል። ግን ፊደሉን ያወቀ ልጅ ያየውን ያነባል፤ እንደ እንግሊዝኛው በየቃሉ አዲስ እንቆቅልሽ የለም። የሚያስቸግረው ማጥበቅና ማላላት ነው። «ገና አልደረሰም» እና «ገና ደረሰ» የሚሉትን ጎን ለጎን ጽፈሽ አስነብቢው፣ ይስቃል።

ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ የሚባሉት ባለ ሁለት ቋንቋ መጻሕፍት ሥዕላቸው ያምራል፣ የአገር ቤት ታሪክ ነው። አፍሪካን ስቶሪቡክ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ በነፃ አማርኛ ታገኛለሽ። እንግሊዝኛውን ግን በወረቀት ሸፍኚበት። ካልሸፈንሽው ዓይኑ ወደ ቀላሉ ይሮጣል።

ሞት ያለበት መጽሐፍ ለስድስት ዓመት ልጅ ይነበባል?

እኔ አነብባለሁ። የኢ. ቢ. ዋይት የሸረሪቷና የአሳማው ታሪክ (1952) ውስጥ ሸረሪቷ መጨረሻ ላይ ትሞታለች። እዚያ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። ልጄ ተነስቶ ሶፍት አመጣልኝና «ቀጥዪ» አለኝ። ልጆቿ ከእንቁላላቸው ሲወጡ ደግሞ የጨፈረው እሱ ነው። በቅርቡ ሐዘን የገባበት ቤት ከሆነ ግን ይቆይ። አንቺ ቀድመሽ ጨርሰሽ አንብቢው፣ ልጅሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ወንዱ ልጄ ኮሚክ ካልሆነ አይነካም።

ወንድሜ፣ ያንብብ። በመጀመሪያው ቁልል ላይ ቁጠርለት። ማታ ማታ ግን አንተ አንብብለት፣ እናቱ ብቻ አትሁን።

ሜሪላንድ ነን። ቤት የሚማሩትን ልጆች ሥራ የሚያየው መርማሪ ስለ መጽሐፍ ምን ይጠይቃል?

የታዘዘ የመጽሐፍ ዝርዝር የለም። በትምህርት ዓመቱ ከሦስት ጊዜ ያልበለጠ የልጁን ሥራ ያያሉ። ደብተር ላይ ቀኑን፣ የመጽሐፉን ስምና ልጁ የተናገረውን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። የሣለውን ሥዕል አያይዢበት። እኔ የማሳየው ይህንን ነው።

ሙሉ የመጽሐፍ ፓኬጅ ልግዛ ወይስ ይቅር?

ለትልቁ ልጄ ወደ 400 ዶላር አውጥቼ ገዝቼ ነበር። ግማሹን ልጄ ጠላው፣ ግማሹ ላይብረሪ በነፃ ነበር። አሁን የላይብረሪ ካርድና ሊቢ የሚባለው፣ የላይብረሪ መጽሐፍ በስልክ የሚያዋሰው አፕ ይበቃኛል፤ የወደድነውን ብቻ ከአሮጌ መጽሐፍ ሽያጭ እንገዛለን። የፓኬጁ ካርቶን ግን ጠንካራ ነው። ትንሹ ልጄ መብራት ሲያጠፋ እሱ ላይ ነው የሚቆመው።