ጠጅና አረቄ ወደ አሜሪካ ሲላክ ጠርሙሱ ላይ ምን ይጻፍ?

ጥያቄ፦ አዘዞ ላይ ጠጅ እየጣልሁ፣ አረቄም እያወጣሁ በጠርሙስ አሽጌ እሸጣለሁ። ዋሽንግተን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በአስመጪ በኩል እናስገባዋለን ስላለኝ፣ ሌብሉን በአማርኛና በእንግሊዝኛ እዚሁ ጎንደር ላሳትም ነው። ሕጉ ምን እንዲጻፍ ያዛል?

መልስ፦ ማተሚያ ቤቱን ለጊዜው ያቆዩት። በአሜሪካ የአረቄና የወይን ጠጅ ገላጭ ጽሑፍ በአልኮልና ትምባሆ ታክስና ንግድ ቢሮ ካልጸደቀ መጠጡ ከጉምሩክ አይወጣም። ማመልከቻውን የሚያቀርበው ፈቃድ ያለው አስመጪ ሲሆን፣ ስሙና አድራሻውም ሌብሉ ላይ መስፈር ስላለበት፣ አስመጪው ሳይታወቅ የታተመ ሌብል ለምድጃ ነው።

ጠጅዎ በየትኛው ደንብ እንደሚገዛ የሚወስነው የአልኮል መጠኑ ነው። 7 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ ወይን ጠጅ ይቆጠራል፤ ከዚያ ካነሰ ገላጭ ጽሑፉ በምግብ ደንብ ይታያል። ይህ በምላስ አይለካምና ላቦራቶሪ ያስመርምሩት። እርሾው ያልተወገደ ጠጅ ታሽጎም መፍላቱን ስለሚቀጥል፣ ጎንደር ላይ 11 በመቶ የተባለው ዋሽንግተን ሲደርስ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ደንቡ እስከ 14 በመቶ ላለው ወይን ጠጅ የ1.5 ነጥብ ልዩነት ሲታገሥ፣ ለአረቄ የሚፈቅደው 0.3 ብቻ ነው። ጌሾ እንደሚገባበትም ለአስመጪው አስቀድመው ይንገሩ።

የንግድ ስሙ፣ የመጠጡ ዓይነት፣ መጠኑ (ለምሳሌ 750 ሚሊ ሊትር) እና የተመረተበት አገር ይጻፋሉ። በሊትር 10 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ሰልፋይት (መጠጥ እንዳይበላሽ የሚያገለግል ውህድ) ካለበትም ይገለጻል። አረቄ ላይ የአልኮል መጠኑ በመቶኛ መጻፉ ግዴታ ስለሆነ፣ «ፕሩፍ» የሚባለው ልኬት (የመቶኛው እጥፍ) ይታከል እንደሆነ እንጂ አይተካውም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በጤና ማስጠንቀቂያው ነው። ከ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 0.5 በመቶና ከዚያ በላይ አልኮል ባለው መጠጥ ሁሉ ላይ ግዴታ የሆነው ይህ ጽሑፍ ስለ እርግዝና፣ ስለ መኪና ማሽከርከርና ስለ ጤና ችግር የሚናገር ሲሆን፣ ሕጉ ባስቀመጠው የእንግሊዝኛ ቃል ሳይጨመር ሳይቀነስ ይሰፍራል። ርእሱ በትልልቅና በደማቅ ፊደል ይታተማል፤ የቀረው ግን መድመቅ የለበትም። በ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ላይ የፊደሉ ቁመት ከ2 ሚሊ ሜትር አያንስም።

አማርኛ ማከል አይከለከልም፤ ሆኖም ከእንግሊዝኛው ጋር መጋጨት የለበትም። አረቄዎ ላይ «ለሆድ ሕመም ፍቱን» የሚል ነገር ካለ ግን ያውጡት፤ አሳሳች የጤና አባባል በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ክልክል ነው።