ለሚያንኳኳበት መልሶ የሚያንኳኳ ሳጥን

እህቴ፣ ለእህትሽ ልጅ የሠራሽው ሳጥን አንዱን ምት ሁለት ሦስት አድርጎ እንደሚቆጥር፣ አንዳንዴም ማንም ሳይነካው ብቻውን እንደሚያንኳኳ ጽፈሽ «ኮዱ ላይ ምን ላስተካክል?» ብለሻል። እኔም ፒያሳ ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ሳጥን ስሠራ ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮድ ስቀይር ከረምኩ። ጥፋቱ ግን በአብዛኛው የነበረው ጆሮው ላይ ነው፤ ጆሮ የምለው ፒዬዞውን፣ ማለትም ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ክፍል ነው።

የእኔን ፒዬዞ ያወጣሁት ከተበላሸ የጠረጴዛ ሰዓት ነው። መሀሉ ነጭ፣ ዙሪያው ቢጫ የሆነ ስስ ክብ ብረት ነው። ከሳጥኑ ክዳን ጋር ያያዝኩት በባለ ስፖንጅ ፕላስተር ስለነበር ስፖንጁ ምቱን እየዋጠ አዳከመው። እንዲሰማልኝ ብዬ የመነሻ ቁጥሩን (ንባቡ ከእርሱ ሲበልጥ ኮዱ ምት ብሎ የሚቆጥርበትን) ወደ 20 ዝቅ አደረግኩት። በማግስቱ እናቴ ቡና ስትወቅጥ ሳጥኑ ከወዲያኛው ክፍል ለእያንዳንዱ የዘነዘና ምት መልስ ይሰጥ ጀመር። ወለላችን የጥንት ጣውላ ነው፤ የሙቀጫውን ንዝረት እስከ ጠረጴዛው እግር ድረስ ያደርሰዋል። ልጆቹ በደስታ ጮኹ፣ እኔ ግን ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ፒዬዞውን ነቅዬ ቢጫ ጀርባውን በሙሉ በጠንካራ ሙጫ ክዳኑ ላይ ለጠፍኩት፤ ስፖንጁን ደግሞ ቆራርጬ ከሳጥኑ ሥር እግር አደረግኩት። ከዚያ በኋላ የመነሻ ቁጥሩን 150 አድርጌም የልጅ ጣት በደንብ ይሰማል፤ ሙቀጫውን ግን አይሰማም።

ሽቦ ስትበይጂ ነጩ ላይ ከሁለት ሰከንድ በላይ አትቆዪ፣ ሙቀት ያበላሸዋል። በሁለቱ ሽቦዎች መካከል 1 ሚሊዮን ኦም ሬዚስተር ከሌለ አሁኑኑ ጨምሪ። ያለ እርሱ በፒዬዞው ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ የሚወርድበት ስለማያገኝ አርዱዊኖው (ኮዱ የሚሠራበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ከ0 እስከ 1023 ባለው መካከል የዘፈቀደ ቁጥር ሊያነብ ይችላል። ማንም ሳይነካው የሚያንኳኳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ምክንያት ሳጥኑ ራሱን መስማቱ ነው። መልሱን የሚያንኳኳው ሰርቮ ሞተር ክዳኑን ሲመታ ፒዬዞው እንደ አዲስ እንግዳ ይቆጥረዋል፤ ለራሱ መልስ ይሰጣል፣ ያንንም መልሶ ይሰማል፣ ማቆሚያ የለውም። መልሱን እየሰጠ ሳለ ምንም እንዳያነብ አድርጊ፤ ከጨረሰም በኋላ 300 ሚሊሰከንድ ይታገሥ።

አንዱ ምት ሁለት የሚሆነው ክዳኑ ከተመታ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። አርዱዊኖ በሰከንድ ወደ 10,000 ጊዜ ያህል ማንበብ ይችላልና ያንን መንቀጥቀጥ ደጋግሞ ያገኘዋል። አንድ ምት ከያዘ በኋላ ለ100 ሚሊሰከንድ ያለውን ይተው። ከዚህ በጣም ካስረዘምሽው ፈጣን አንኳኪ ምቶቹ ይጎድሉበታል።

ሰርቮው ሲነሣ አርዱዊኖው እንደ አዲስ የሚጀምር ከሆነ ኃይል አንሶታል ማለት ነው። ለሰርቮው ብቻ ባለ 1.5 ቮልት አራት የባትሪ ድንጋይ ስጪው፤ የሁለቱን ኔጌቲቭ ግን ማገናኘት አትርሺ።

ልጁ የሚያንኳኳውን ስልት እንዲደግም ከፈለግሽ በምቶቹ መካከል ያለውን ጊዜ እንዳለ አትያዢ። እያንዳንዱን ለረጅሙ አካፍለሽ በ100 አባዢው። እንዲህ ከሆነ ልጅ ቀስ ብሎ ቢያንኳኳም፣ አዋቂ «ቤቶች!» እያለ በጥድፊያ ቢያንኳኳም ስልቱ አንድ ሆኖ ይታወቃል።

ዛሬ ማታ ግን ከሁሉ በፊት ንባቡን ኮምፒውተሩ ላይ አውጪ። ሳጥኑ ሳይነካ ለአንድ ደቂቃ፣ ከዚያ አሥር ጊዜ እየተንኳኳ የሚመጡትን ቁጥሮች እዚህ ጻፊልኝ፤ የመነሻ ቁጥሩን አብረን እንመርጣለን። የሚያንኳኳው ልጁ ራሱ ይሁን፣ የእርሱ ምት ካንቺ ይልቅ ለስላሳ ነው።