ከጉዳት ሳምንታት በኋላ የሚያብጥ እግር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ታናሽ ወንድሜ ሱሉልታ ድርቆሽ እያመላለሰ ነው የሚተዳደረው። የዛሬ ሁለት ሳምንት የጋሪ ጎማ ባቱ ላይ ወጣበት። ራጅ ተነስቶ አጥንቱ ደህና ነው ተባለ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግን እግሩ አብጧል፣ ይሞቃልም። ወጌሻ ጋ ወስጄ ላሳሸው ወይ?

መልስ፦ እባክዎ አያሳሹት። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

ራጅ አጥንትን እንጂ ደም ስርን አያሳይም። ባት ሲጨፈለቅ በጡንቻው ውስጥ ያሉት ደም መልስ ስሮች ይጎዳሉ፤ ደምም በተጎዳው ቦታ ላይ መርጋት ይጀምራል። ስንራመድ ደሙን ወደ ላይ የሚገፋው ባታችን ነው። ወንድምዎ አሞት ከተኛ ደሙ እዚያው ይዘገያል። በዚያ ላይ ከጉዳት በኋላ ሰውነት መድማትን ለመከላከል ሲል ደሙ ቶሎ እንዲረጋ ያደርጋል። ለዚህ ነው አጥንት ሳይሰበርም ይህ ችግር የሚመጣው።

የግጭት እብጠት ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ከቀናት በኋላ በአንድ እግር ብቻ አዲስ እብጠት ሲመጣ፣ ሌላ ምክንያት ቢኖረውም እንኳ፣ መጀመሪያ የረጋ ደም አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም። የእኔም እጅ ቢሆን ዳስሶ አይለየውም። ሲታሽ ግን የረጋው ደም ተቆርሶ፣ በልብ በኩል አልፎ ሳንባን ሊዘጋ ይችላል። ይህ ደግሞ ሰውን ይገድላል።

ድንገት ትንፋሽ ካጠረው፣ ሲተነፍስ ደረቱን ከወጋው፣ ደም የቀላቀለ ካሳለው ወይም ራሱን ከሳተ ደቂቃ አይጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። መኪና ከቀደመ በመኪና ይሂዱ።

የሚያስፈልገው ምርመራ የእግር ደም ስር ዶፕለር አልትራሳውንድ ነው፤ በድምፅ ሞገድ ደሙ በስሩ ውስጥ መፍሰሱን ያሳያል። አያምም። በአቅራቢያችሁ ከሌለ ሪፈር አጽፋችሁ አዲስ አበባ ግቡ። የረጋ ደም ከተገኘ ደም ማቅጠኛ ይጀመርለታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ3 ወር ይወሰዳል። መድኃኒቱ የረጋው እንዳያድግ ይከላከላል፣ የማሟሟቱን ሥራ ሰውነት ራሱ ይሠራል። ስለዚህ እብጠቱ ቀነሰ ተብሎ አይቋረጥም።

ዋርፋሪን የተባለው ደም ማቅጠኛ ከታዘዘለት የደም ክትትሉን አያሳልፍ። ጎመን የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። ይብላ፣ ግን መጠኑ ተመሳሳይ ይሁን፤ ጾም ሲገባ ድንገት ካበዛው ለሐኪሙ ይንገር። ለሕመሙ ዲክሎፍናክ ወይም አይቡፕሮፌን እየወሰደ ከሆነም ይናገር። ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲሆኑ ጨጓራን ሊያደሙ ይችላሉ።