የተከን ጨዋታዎች ደረጃ፣ በእኔ እይታ

ተከን የሚባሉትን የፍልሚያ ቪዲዮ ጨዋታዎች ከምርጡ ጀምረን በደረጃ እንድናስቀምጥልህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ ለእኔ አንደኛው ያለ ምንም ጥርጥር ተከን 3 ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ የተጋነነውን ዝላይ ዝቅ አድርጎ ወደ ጎን መሸሽን ለሁሉም ተፋላሚ ሰጠ፤ ውጊያውን የቀየረው ይሄ ነው። የቴኳንዶ ተፋላሚው ሁዋራንግ እግሩን ሳያሳርፍ ሲያዥጎደጉድብህ አንዷን ቀጥታ ምት ወደ ጎን አልፈህ ጎኑን ስታገኘው ያለው ደስታ ዛሬም ያው ነው።

ሁለተኛ ተከን 5። ፈጣን ነው፣ የፕሌይስቴሽን 2 ዲስኩ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን የአርኬድ (የመጫወቻ ቤት ማሽን) ጨዋታዎች አብሮ ይዟል። ቀጥሎ 7፤ የሁለቱም ተፋላሚዎች ጉልበት ሊያልቅ ሲል እኩል ሲሰነዝሩ ምስሉ ቀስ የሚልበት ቅጽበት ትንፋሽ ያስይዛል።

8 እጅግ ያምራል፣ ግን ሂት (Heat፣ «ሙቀት») የሚባለው ሥርዓት አጥቂውን ስለሚያበረታ መከላከል ለሚወድ እንደኔ ላለ ሰው ይከብዳል። 6ን ከሱ በታች አስቀምጠዋለሁ።

4ን ብዙዎች መጨረሻ ያደርጉታል። እኔ ግን ከ2 እና ከ1 አስበልጠዋለሁ፤ በመፋለሚያው ሜዳ ዙሪያ ግድግዳ ያመጣው፣ ተፋላሚውን ጂንን በካራቴ እንደ አዲስ የቀረጸው፣ ቦክሰኛውን ስቲቭን ያስተዋወቀን እሱ ነው። ወጣ ገባ የሆነው ወለሉ ነው የጎዳው።